ቅባት የበዛበት ፍሳሽና ባዮጋዝ፦ ለድሬ የትኛው ማብላያ ይሻላል?

ሆቴል ያለው፣ ወተት የሚያቀነባብር፣ ቄራ አካባቢ የሚሠራ፣ ሁሉም ስለ ባዮጋዝ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ታንክ ይሻላል?" ብሎ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። ታንኩ ማብላያ ይባላል፤ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ያለ አየር አብላልተው የሚነድ ጋዝ ያወጡበታል። ችግሩ ፍሳሹ ውስጥ ቅባት ካለ የተለመደው መልስ አይሠራም። ለእበት አንደኛ የሆነው ታንክ በቅባት ይታፈናል። ለስኳር ፋብሪካ ፍሳሽ ዓለም የሚያደንቀው ቴክኖሎጂ ደግሞ ጮማ ሲገባበት ቀጥ ይላል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ድሬ ውስጥ ቅባታም ፍሳሽ ላለው ለአብዛኛው ሰው የሚያዋጣው ቅባቱን ከውሃው መለየት፣ ከእበት ወይም ከፈርስ ጋር መቀላቀልና በሚማሰል ታንክ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ መመገብ ነው። ሌሎቹም አማራጮች ሰው አላቸው፤ ማን ማን እንደሆነ እናያለን።

ቅባት ያጓጓል፣ ያስቸግራልም

1 ኪሎ ቅባት ሙሉ በሙሉ ቢብላላ ወደ 1 ሜትር ኩብ ሚቴን፣ ማለትም በባዮጋዝ ውስጥ የሚነደውን ጋዝ፣ ይሰጣል። ስኳርና ስታርች በኪሎ 0.4 አካባቢ፣ ፕሮቲን 0.5 አካባቢ ነው። ትኩስ የከብት እበት ግን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በኪሎ ከ0.02 ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ከድስት ታጥቦ የሚወርደው 1 ኪሎ ቅባት 50 ኪሎ ገደማ እበት የሚሰጠውን ጋዝ ይዞ ነው የሚሄደው። 1 ሜትር ኩብ ሚቴን ደግሞ በሙቀት ጉልበቱ ከ0.78 ኪሎ ሲሊንደር ጋዝ ጋር ይስተካከላል።

ማጓጓቱ ይህ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቅባቱ መፍረስ ሲጀምር ነው። አየር በሌለበት ታንክ ውስጥ ባክቴሪያዎች ቅባቱን መጀመሪያ ወደ ግሊሰሮልና ወደ ረጃጅም የቅባት አሲዶች ይሰብሩታል። ይህ ሥራ በአንጻሩ ፈጣን ነው። ቀጥሎ ግን አሲዶቹ በሌሎች ባክቴሪያዎች ትንሽ በትንሽ እየተቆረጡ ወደ አሴቲክ አሲድና ሃይድሮጂን መለወጥ አለባቸው። ይህ ቀርፋፋ ነው። ሚቴን ሠሪዎቹ ሃይድሮጂኑን ወዲያው ወዲያው ካልጨረሱት ደግሞ ጭራሹኑ ይቆማል። ሥራው በቅብብሎሽ ነው፤ አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይቆማል።

አሲዶቹ ሲጠራቀሙ ባክቴሪያዎቹ ላይ ይለጠፋሉ፣ ምግብም እንዳይደርሳቸው ይጋርዳሉ። ከዚያ የባሰው መንሳፈፉ ነው። ቅባት ከውሃ ይቀላል፤ የተለጠፈበትን ዝቃጭ፣ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩበትን፣ ይዞት ወደ ላይ ይወጣል። መውጫው ቱቦ ላይ ሲደርስ ታንኩ ሠራተኞቹን አብሮ ይደፋል። ብዙ ሰው "ባክቴሪያው ሞተ" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም፤ ፈስሶ ሄዷል።

ስለዚህ ማንኛውንም ማብላያ ስትመርጡ የምትጠይቁት ዋና ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ይህ ታንክ የተንሳፈፈውን ቅባትና ዝቃጭ ምን ያደርገዋል? መልሶ ይቀላቅለዋል፣ ይይዘዋል ወይስ ይደፋዋል? ሻጩ ስለ ጋዝ መጠን ብቻ ካወራችሁ ይህን ጠይቁት። መልስ ካጣ እናንተ መልሱን አግኝታችኋል።

የድሬ ቅባት፣ የድሬ ውሃ፣ የድሬ ሙቀት

የእኛ አካባቢ ፍሳሽ የራሱ ጠባይ አለው። ሳምቡሳው፣ ባጊያው፣ ሙሸበኩ የሚጠበሰው በአብዛኛው በሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። ይህ ዘይት ወደ 35 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲያይል ፈሳሽ ሆኖ ያልፋል፤ ሌሊት ቱቦ ውስጥ ይረጋል። የበግ ጮማና ላት ደግሞ ከ40 ዲግሪ በላይ ካልሆነ በደንብ አይቀልጥም። በቄራ ፍሳሽ ውስጥ ነጭ ጓል ሆኖ የሚንሳፈፈው እሱ ነው።

ውሃውን ታውቁታላችሁ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ያላየ የድሬ ሰው የለም። ያ ካልሲየም ነው። ካልሲየም የቅባት አሲድ ሲያገኝ የማይሟሟ ሳሙና ይሆናል፤ ሳሙናው ቱቦ ግድግዳ ላይ እየተደራረበ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ቧንቧ ሠራተኛ ሲጠራ በመሮ እየፈለጠ የሚያወጣው ግራጫ ነገር ዘይት ብቻ ሳይሆን ይህ ሳሙና ነው። ለማብላያ ግን ነገሩ ሁለት መልክ አለው። ካልሲየም የአሲዱን መርዝነት ትንሽ ያበርዳል፤ በዚያው ልክ ቅባቱን ባክቴሪያ በቀላሉ የማያገኘው ጓል ያደርገዋል። ኖራ ጨምሩና ይስተካከላል የሚሏችሁን እየመረጣችሁ ስሙ።

ሙቀቱ ጸጋ ነው። ሚቴን ሠሪዎች የሚወዱት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ላይ ስለሆነች የዓመቱ አማካይ ሙቀት 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ያለ ማሞቂያ መሥራት ይቻላል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። አንድ ዓይነት ታንክ ድሬ ላይ በ40 ቀን የሚጨርሰውን ሐረር ላይ 60 ቀን ብትሰጡት ይሻላል። ስለዚህ ለሐረር ተለቅ ያለ ታንክ፣ ወይም አነስ ያለ የቅባት መጠን። ድሬ ላይ የሠራ ልክ ሐረር ላይ አይገለበጥም።

ከመምረጥ በፊት፦ ምን ያህል ቅባት አላችሁ?

ሦስት ዓይነት ቅባት አለ፤ አትቀላቅሏቸው።

የመጀመሪያው ያገለገለ የመጥበሻ ዘይት ነው። ይህ ፍሳሽ አይደለም። በጀሪካን አጠራቅሙት። ሳሙና የሚሠራ ሰው ከእናንተ ይገዛዋል። እሱን ወደ ማስታጠቢያ መድፋት ገንዘብ መድፋት ነው፤ መልሶ ምግብ ውስጥ ማስገባቱ ደግሞ የባሰ ነገር ነው።

ሁለተኛው ከማስታጠቢያው በታች በቅባት ማጥመጃ ላይ የሚጠራቀመው ነው። ሦስተኛው ከሳሙናና ከሙቅ ውሃ ጋር ተደባልቆ እንደ ወተት ነጣ ብሎ የሚያልፈው ነው። አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው። ላርጎና የፈላ ውሃ በበዛ ቁጥር ቅባቱ ማጥመጃውን አልፎ ይሄዳል። ሠራተኞቻችሁ ሳህኑን ከማጠባቸው በፊት በወረቀት ወይም በማንኪያ ጠረግ እንዲያደርጉ ማድረግ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚመጣ እርምጃ ነው።

ማጥመጃውን ከፀሐይ አርቁት። መሬት ውስጥ ወይም ጥላ ሥር ይሁን። ውሃው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት የሚቆይበት ስፋት ይኑረው። ከላይ ያለው ቅባትና ከታች ያለው ዝቃጭ ተደምሮ የጥልቀቱን ሩብ ሲሞላ የማውጫው ጊዜ ደርሷል። ክዳኑን ስታነሱ ከላይ ሻጋታ የመሰለ ግራጫ ቅርፊት ታያላችሁ። በእንጨት ስትነኩት ወዝወዝ ይላል፤ ሥሩ ቢጫ ነው። ከሥሩ ያለው ውሃ ጥቁር ከሆነና የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ዘግይታችኋል።

መጠኑን ለማወቅ ቀላሉ ሙከራ ይህ ነው። በሥራ ሰዓት ከፍሳሹ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ እየቀዳችሁ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ሙሉ። ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ላይ የረጋውን ውፍረት እዩ። ይህ ግምት ነው፤ ታንክ ከመግዛት በፊት ላብራቶሪ ሁለት ነገር ይለካ፦ የቅባት መጠንና ሲኦዲ። ሲኦዲ በውሃው ውስጥ ያለው የሚበላ ነገር ምን ያህል ኦክሲጅን እንደሚፈልግ የሚለካበት ነው። 1 ኪሎ ሲኦዲ ቢበዛ 0.35 ሜትር ኩብ ሚቴን ይሰጣል። ሻጭ ከዚህ በላይ ቃል ከገባላችሁ ሒሳቡ ተሳስቷል፣ ወይ እያሞኛችሁ ነው።

አማራጮቹ

*መሬት ውስጥ የሚቀበረው ጉልላት።* ኢትዮጵያ ውስጥ በሰፊው የሚታወቀው ይህ ነው። ሲኒዱ የሚባለው ሞዴል ከኔፓሉ ተወስዶ ለእኛ አገር የተስተካከለ ሲሆን 4፣ 6፣ 8ና 10 ሜትር ኩብ ሆኖ ይሠራል። ግንበኛው አገር ውስጥ አለ። የሚንቀሳቀስ ዕቃ የለውም፤ በደንብ ከተገነባ ረጅም ዓመት ያገለግላል። ለእበት ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ለቅባት ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ አይማሰልም። ቅባቱ ጉልላቱ ሥር ወጥቶ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ሲወፍር ጋዙ ከታች ይታፈናል፣ ገንዳው ከውስጥ ይጠባል። ለማጽዳት ደግሞ ታንኩን መክፈት ግድ ነው። ስለዚህ ጉልላት ካላችሁ ቅባት እንደ ቅመም ይግባበት፤ 20 ኪሎ እበት ላይ ግማሽ ኪሎ ቢሆን አይከፋም። ከዚያ በላይ አልመክርም።

*የላስቲክ ከረጢት።* ረጅም፣ እንደ ቋሊማ የተጋደመ ከረጢት ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይተከላል፣ በድሬ ፀሐይ ቶሎ ይሞቃል። ያው ፀሐይ ግን ላስቲኩን ያደርቀዋል። ፍየል ይረግጠዋል፣ ልጆች ይወጉታል። ቅርፊቱም ይሠራል፤ ከውጭ በእጅ ጫን ጫን እያደረጉ መስበር መቻሉ ከጉልላቱ የተሻለ ያደርገዋል። ጥላ ሥራችሁለት፣ አጥራችሁለት፣ ለሙከራ ተጠቀሙበት። የቅባታችሁን ጠባይ ለማወቅ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ለሆቴል ዋና ማብላያ ይሁን የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

*ሽፋን ያለው ኩሬ።* ቦታ ላለው ቄራ ወይም ፋብሪካ ነው። ትልቅ ኩሬ ይቆፈራል፣ ወለሉ በወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል፣ ከላይ ጋዝ የሚይዝ ሽፋን ይደረግበታል። ውሃው ሳምንታት ይቆያል። ጊዜ ስላለው የቅባት ውርጅብኝ ሲመጣበት አይደነግጥም። እንደ ድሬ ያለ ሞቃት ቦታ ይስማማዋል። መጥፎ ጎኑ ቅባቱ ሽፋኑ ሥር ተጋግሮ ዓመት ሙሉ ሳይብላላ መቀመጡ ነው። ጋዙ ኪሳራ ይሆናል፤ ሽፋኑን ሳይቀዱ ማውጣትም ጣጣ ነው። ቅባቱን አስቀድሞ ለሚለይ ቄራ ግን ጥሩ ምርጫ ነው።

ኩሬ ላይ ሁለት ነገር አልደራደርም። አንደኛ ምንጣፉ። የድሬ ሰው የሚጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ ከጉድጓድ የሚሰርገው ፍሳሽ ናይትሬት ይዞ ወደዚያው ይወርዳል። ያልተነጠፈ ኩሬ የጎረቤትን ጉድጓድ መበከል ነው። ሁለተኛ ደቻቱን አስታውሱ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ የሚመስለው ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ጎርፍ ሆኖ ምን እንዳደረገ ድሬ አትረሳውም። መሬቱ ርካሽ ነው ብላችሁ የወንዝ ዳር ላይ ኩሬ አትቆፍሩ።

*ከታች ወደ ላይ የሚፈሰው ታንክ።* በውጭ አገር ፋብሪካዎች በጣም የተስፋፋው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ በዋግኒንገን ጋትዜ ሌቲንጋ ከባልደረቦቹ ጋር ያበለጸገው ነው። ውሃው ከሥር ይገባል፤ ባክቴሪያዎቹ ደቃቅ ጠጠር የሚመስል ጥራጥሬ ሠርተው ታች ይቀመጣሉ፣ የጸዳው ውሃ ከላይ ይወጣል። ውሃው የሚቆየው ሰዓታት ብቻ ስለሆነ ታንኩ ትንሽ ነው። በጣም የሚያምር ሐሳብ ነው።

የተወለደው ግን ለቀይ ሥር ዘመድ ለሆነው ለስኳር ቀይ ሥር ፋብሪካ ፍሳሽ ዓይነት ነገር ነው፤ ማለትም ለሚሟሟ ምግብ። ቅባት ሲመጣ ጥራጥሬውን ይሸፍነዋል፣ ጥራጥሬው ይንሳፈፋል፣ ከላይ ባለው መውጫ ይሄዳል። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ቅባት በሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች እንዲሆን የሚፈልጉት ለዚህ ነው። የወተትና የቄራ ፍሳሽ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ቅባቱ አስቀድሞ በደንብ ከወጣ ይህ ታንክ ለቀረው ውሃ ጎበዝ ነው። ቅባቱን ራሱን ግን አይወድም። "ቅባትም ያብላላል" ተብሎ ከተሸጠላችሁ አቦ፣ ብራችሁን ያዙ።

*የተገለበጠውና የሚያንሳፍፈው።* ቅባት መንሳፈፉ ካልቀረ ለምን ከመንሳፈፉ ጋር አንሠራም ያሉ ተመራማሪዎች አሉ። ፖርቱጋል በሚንሆ ዩኒቨርሲቲ ፍሳሹ ከላይ የሚገባበት፣ የጸዳው ውሃ ከታች የሚወጣበት ታንክ ሠርተዋል። ዝቃጩና ቅባቱ ላይ ተገናኝተው ይቆያሉ። በጋዝ አረፋ ዝቃጩን አንሳፍፎ መልሶ የሚያስገባም አለ፤ በስስ ወንፊት ባክቴሪያውን ይዞ ውሃውን ብቻ የሚያሳልፍም አለ። ሁሉም የቅባትን ጠባይ የተረዱ ናቸው። ለእኛ ችግሩ መለዋወጫው ነው። ወንፊቱ ሲደፈን፣ ፓምፑ ሲቃጠል፣ ዕቃው የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ለትልቅ ፋብሪካ ካልሆነ አሁን አያስኬድም።

*የሚማሰለው ታንክ።* የኔ ምርጫ ወዲህ ነው። ከብረት ወይም ከኮንክሪት የተሠራ ገንዳ ሆኖ ውስጡን የሚያማስል ነገር ያለው። ማማሰያው በሞተር የሚዞር ሊሆን ይችላል፤ ፓምፕ ከታች ስቦ ከላይ ቢረጭም ይበቃል። ለአነስተኛ ሥራ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ፓምፑ ሲበላሽ ታንኩ ሳይከፈት ይቀየራል። ከላይ የሚረጨው ፈሳሽ ቅርፊቱን ይሰብረዋል፣ ቅባቱ ተመልሶ ከባክቴሪያው ጋር ይገናኛል። ውሃው ከአንድ ወር በላይ ስለሚቆይ ቀርፋፋው ሥራ ጊዜ ያገኛል።

እዚህ ታንክ ውስጥ ቅባት ብቻውን አይግባ። ቅባት ናይትሮጂን የለውም፤ ባክቴሪያ በእሱ ብቻ አይራባም። አሲድ ሲበዛ የሚያለዝብለትም ነገር የለውም። እበትና ፈርስ ሁለቱንም ይሰጣሉ። በተለይ የቄራ ፈርስ ባክቴሪያውን ጭምር ይዞ ስለሚመጣ ጥሩ ነው። ደምም ናይትሮጂን አለው፤ ሲበዛ ግን አሞኒያ ይሆንና ይመርዛል፣ ስለዚህ በመጠኑ። ገረባ (የጫት ተረፈ) አታስገቡ። ግንዱ እንጨት ነው፤ ይንሳፈፋል፣ ማማሰያው ላይ ይጠመጠማል። ለፍየሎቹ ተውላቸው፣ እነሱ ያውቁበታል።

የድብልቁ ልክ የሚለካው በደረቁ በሚበሰብሰው ክፍል ነው። ከእሱ ውስጥ ቅባቱ 30 በመቶ ገደማ ላይ ቢቆም መልካም ነው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። በቀን 10 ኪሎ ቅባት አላችሁ እንበል። እበቱ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ከእሱ ጋር 165 ኪሎ ያህል ትኩስ እበትና ተመጣጣኝ ውሃ ይገባል። የታንኩ የፈሳሽ መጠን 22 ሜትር ኩብ ቢሆን ምግቡ ከ60 ቀን በላይ ይቆያል። ከቅባቱ ሦስት አራተኛው ብቻ ተብላላ ብንል 7.5 ሜትር ኩብ ሚቴን ይወጣል፤ ከእበቱ 3.5 ገደማ። አንድ ላይ 11 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ስምንት ኪሎ ተኩል ያህል ሲሊንደር ጋዝ፣ በየቀኑ። የ12.5 ኪሎ ሲሊንደር ሁለት ሦስተኛ ነው። ልብ በሉ፣ 10 ኪሎው ቅባት ከ165 ኪሎው እበት እጥፍ ጋዝ ሰጠ።

ታዲያ ለማን የቱ?

ሳምቡሳ ቤት፣ ፉል ቤት፣ ትንሽ ምግብ ቤት ካላችሁ ማብላያ አትሥሩ። በቀን ሁለት ኪሎ ለማይሞላ ቅባት ታንክ፣ እበትና ጠባቂ ማዘጋጀት አያዋጣም። ማጥመጃ ሥሩ፣ ቅባቱን በባልዲ አጠራቅሙና ማብላያ ላለው ሰው ስጡ። መጋላ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ አሥር ቤቶች ቢስማሙ ግን ወሬው ሌላ ነው።

ትልልቅ ሆቴሎች ከከዚራ እስከ ሳቢያን ድረስ አንድ ዓይነት ጥያቄ አለባቸው፤ እበቱ ከየት ይመጣል? ከብት የሚያደልብ ሰው በቅርብ ካገኛችሁ የሚማሰለው ታንክ። ካላገኛችሁ የምግብ ትራፊ ከእበት የተወሰነውን ይተካል፤ ቅባቱን ግን ከ30 በመቶ ዝቅ አድርጉት፣ ትራፊው ራሱ ቅባት ስላለው። የሽንት ቤት ፍሳሽን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ፤ ውሃው በዝቶ ባክቴሪያውን ከታንኩ አጥቦ ያወጣዋል።

የወተት ሥራ ላይ ያላችሁ ሁለት መንገድ አላችሁ። ብዙ ውሃ፣ መካከለኛ ቅባት ከሆነ በአየር አረፋ ቅባቱን አንሳፍፉት፣ የተገፈፈውን ወደሚማሰል ታንክ፣ የቀረውን ውሃ ወደ ሌላ ማጣሪያ ላኩ። ውሃው ትንሽ ከሆነ ሁሉንም ወደ አንድ ታንክ ማስገባት ይቀላል። በረኪና የገባበትን የመሣሪያ እጥበት ግን ለብቻው ያዙት። በረኪና ባክቴሪያ ለመግደል ነው የተሠራው፤ የእናንተና የሌላው ብሎ አይለይም።

ለቄራ ነገሩ ቀላል ነው። ፈርሱም፣ ደሙም፣ ጮማውም አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያለው። ደሙን በተቻለ መጠን ለብቻ ማጠራቀም፣ ጮማውን መግፈፍ፣ ፈርሱንና ጮማውን ለሚማሰል ታንክ፣ ውሃውን ለተሸፈነ ኩሬ። ሁለት ታንክ ማለት ሁለት ወጪ ነው፤ ግን አንዱ ሲታመም ሌላው ይሠራል። እንደኔ ከሆነ በዚህ አካባቢ መጀመሪያ መሠራት ያለበት የቄራ ማብላያ ነው። ትንንሾቹ ምግብ ቤቶች ቅባታቸውን የሚያመጡበት ቦታ ያኔ ይገኛል።

አጀማመሩ

ታንኩ ሲጀመር መጀመሪያ ሌላ የሚሠራ ማብላያ ካለ ከእሱ ዝቃጭ አምጡ፤ ከሌለ እበትና ፈርስ። ጋዙ በደንብ ሲነድ ነው ቅባት የሚገባው፣ እሱም ከታሰበው አሥረኛው። ሁዳዴን ጾሞ በፋሲካ ማለዳ ጮማ ላይ የተሰማራ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ባክቴሪያም እንዲሁ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ።

ቅባቱን ከማስገባታችሁ በፊት በሞቀ እበት ውሃ በደንብ ምቱት። ጓሉ ተበጣጥሶ ሲገባ ባክቴሪያው የሚያገኘው ገጽ ይበዛል። በቀን አንዴ ከመድፋት ሦስቴ አራቴ ከፋፍሎ መስጠት ይሻላል።

ሕመሙ እንዲህ ይታወቃል። የጋዙ መጠን ይቀንሳል ወይም ነበልባሉ ደብዝዞ ይጠፋል፤ ከሚወጣው ፈሳሽ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ይታያል፣ ሽታው እንደ ከረረ ቅቤ ይሆናል፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ6.8 በታች ይወርዳል። ያኔ ቅባቱን አቁሙ። እበት ብቻ ስጡ፣ ማማሰሉን ቀጥሉ፣ ጠብቁ። ዝቃጩ ላይ የተለጠፈው አሲድ ከጊዜ በኋላ ራሱ ወደ ጋዝ ይለወጣል። መመገብ ቆሞ ሳለ ጋዙ በድንገት ሲበዛ ያየ ሰው ይደነቃል፤ ሲጠራቀም የነበረው ነው የተከፈለው። አንዳንድ ማብላያዎች እንዲያውም ሆን ተብሎ እንዲህ ይመገባሉ፣ ሰጥቶ ማቆም፣ ሰጥቶ ማቆም። ታንኩን ባዶ አድርጎ ከዜሮ መጀመር የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ጋዙና የተረፈው

ከቅባት የሚወጣው ጋዝ ሚቴኑ ወደ 70 በመቶ ይደርሳል፣ ከእበቱ ጋዝ ይሻላል። ፈርስና ደም ሲቀላቀል ግን የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው የሰልፈር ጋዝ አብሮ ይመጣል፤ ብረት ይበላል፣ ሰውንም ይጎዳል። ከቶርኖ ቤት የሚገኝ የዛገ የብረት ብናኝ ቱቦ ውስጥ ሞልቶ ጋዙን በእሱ ማሳለፍ ይረዳል። ብናኙ ሲጠቁር አውጥቶ አየር ላይ በጥንቃቄ ሲዘረጉት እንደገና ይሠራል፤ ሲዘረጋ ስለሚግል ከሚቃጠል ነገር ይራቅ።

ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደባለቅ ይፈነዳል። ታንኩ ቤት ውስጥ አይሁን፣ ሲጋራ ከአጠገቡ ይራቅ። ባዶ ነው ብላችሁ ማንንም ወደ ታንክ ውስጥ አታስገቡ፤ ለማዳን የገባውም አይወጣም። ትርፍ ጋዝ ሲኖር ዝም ብሎ መልቀቅም አይደለም። ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ ስለዚህ አቃጥሉት። ምድጃው ላይ ደግሞ የሲሊንደር ጋዝ አፍንጫ አይሆንም። ቀዳዳው መስፋት አለበት፤ ይህን የሚያውቅ ብየዳ ቤት አይጠፋም።

የተረፈውን ፈሳሽ ለማዳበሪያ የምትፈልጉ ከሆነ በባልዲ ቀድታችሁ አሳድሩት። በማግስቱ ላዩ ላይ የቅባት ዓይን ከታየ ገና አልተብላላም። እንዲህ ያለው መሬት ላይ ሲፈስ አፈሩን ውሃ እንዳያስገባ ያደርገዋል፤ ወደ ታንኩ መልሱት። ዓይኑ ከጠፋና ሽታው ከቀነሰ ከገለባና ከቅጠል ጋር ኮምፖስት ውስጥ አስገቡት። በጥሬ ለሚበላ አትክልት፣ ለሰላጣና ለቲማቲም፣ በቀጥታ አታፍስሱት። ለማንጎና ለብርቱካን ዛፍ ግን ከግንዱ ራቅ አድርጎ ቦይ ቆፍሮ ማጠጣት ይቻላል።